«ሞርፊን የጀመረ ሰው አይነሳም» ይላሉ፦ እናቷን ቤት ለምታስታምም ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የማኅፀን በር ካንሰር ተገኘባትና ጨረርና ኬሞ ወሰደች። ለጊዜው ተሽሏት ነበር፤ ዘንድሮ ተመልሶ መጣ። ባለፈው ወር ሐኪሟ ‹ከዚህ በኋላ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት› ብሎ የሚጠጣ ሞርፊን፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ አዘዘላት። ጠርሙሱ ሳይከፈት ሦስት ሳምንት ሆነው። አክስቴ ‹ሞርፊን የጀመረ ሰው አይነሳም፤ እናትሽን በገዛ እጅሽ ልትሸኛት ነው?› ትለኛለች። ሲብስባት የሰፈራችን ነርስ ዳይክሎፌናክ ይወጋታል። ምግብ ትታለች፤ ግሉኮስ ይሰጣት ወይ? ቀኝ እግሯ አብጧል፣ ሽንቷም ቀንሷል፣ ከማኅፀኗ የሚወጣው ፈሳሽም ሽታ አለው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ገንዘብ አሰባስቦ ባንኮክ ልውሰዳት እያለ ነው። እሷ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፤ ‹የማኅፀን ቁስል ነው› ብለናታል። ምን ላድርግ?»

ዳይክሎፌናክ የተባለውን የማስታገሻ መርፌ ዛሬውኑ ያስቁሙ። ሌላው ሁሉ በተራው ይመጣል፤ ይህ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚያልፉት በማኅፀን በር ግራና ቀኝ ነው። ካንሰሩ ተመልሶ ወደ ጎን ሲሰፋ ቱቦዎቹን ይጨምቃቸዋል፤ ሽንቱ መውረጃ ያጣል፣ ኩላሊቱም እየደከመ ይሄዳል። የእናትዎ ሽንት የቀነሰው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጤነኛ ኩላሊትን እንኳ ሊጎዳ፣ ጨጓራንም ሊያደማ የሚችል መድኃኒት ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀን የወገብ ሕመም የሚታዘዝ መርፌ በእሳቸው ሁኔታ ላለ ሰው ለሳምንታት ሲወጋ፣ እፎይታው የጥቂት ሰዓት ነው፤ ጉዳቱ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ቤተሰቡ ሞርፊኑን ፈርቶ የሸሸው ወደ ባሰው መድኃኒት ነው።

አክስትዎ ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ከክፋት አይደለም። በአገራችን ሞርፊን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሕመምተኛው ሊያልፍ ቀናት ሲቀሩት ነው። ቤተሰብ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ሲፈራው ይቆይና ሌላ መላ ሲጠፋ ይሰጣል፤ ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ያርፋል፤ ለቀስተኛውም «ሞርፊን ሰጡት፣ ሞተ» ብሎ ይመለሳል። የገደለው ግን በሽታው ነው። በወቅቱ የተጀመረላቸው ሰዎች በሞርፊን ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሳሉ፣ የልጅ ልጅ ያቅፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የማይድኑ ሕመምተኞች እንክብካቤ የሚያገኙበትን ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ ለዓለም ያሳዩት ዋና ነገር ሞርፊን በአፍ፣ በትንሽ መጠን፣ ሰዓት ጠብቆ ሲሰጥ ሕመምተኛው አእምሮው ሳይደነዝዝ ሕመሙ እንደሚታገስለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ መመሪያ አደረገው። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካን ሲመሠርቱ የሞርፊን ዱቄት በውኃ በጥብጠው ነበር የሚሰጡት። ርካሽ ነው፣ ቤት ውስጥም ይቻላል። እናትዎ ጋ ያለው ጠርሙስ ያው መድኃኒት ነው።

«ሱስ ይሆንባታል» የሚባለውም ለእናትዎ አይሠራም። ለሕመም በልኩ የሚወስድ ሰው የሚፈልገው ሕመሙ እንዲለቀው ነው፤ መጠኑ ከጊዜ በኋላ ቢጨመርም ሱስ ሆነበት ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አሰጣጡ። ጠርሙሱን ራስዎ ከፍተው አይጀምሩ፤ የታዘዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ሽንታቸው የቀነሰው ግን አሁን ነው። ሞርፊን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሐኪማቸውን ያግኙና ክሬያቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራ ያሠሩ። ቤት መጥቶ ደም የሚወስድ ላብራቶሪ ካገኙ እሳቸውን ማንገላታት አያስፈልግም። ኩላሊቱ ደህና ከሆነ የሚጠጣው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋዱ ላይ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፤ ሌሊቱን እንዲተኙ የመኝታው መጠን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይደረጋል። ኩላሊቱ ደክሞ ከሆነ ግን ሐኪሙ መጠኑን ያሳንሳል፣ መስጫውንም በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ ያራርቀዋል፤ እጥፉም ይቀራል። «ሲያማት እንሰጣታለን» የሚለውን አሠራር ይተዉት። ሕመም ከተነሣ በኋላ ማብረድ ከባድ ነው፤ መድኃኒቱ ቀድሞ መገኘት አለበት። በመሀል ድንገት ቢያማቸው የሚጨመረውን መጠንም አስቀድመው ያስጽፉ።

መጠኑን በማንኪያ አይገምቱ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ተጽፏል፤ ፋርማሲው በሚቀጥለው ጊዜ የወፈረ ወይም የቀጠነ ሊሰጥዎ ይችላልና በየጊዜው ያንብቡት። የሚያበቃበትን ቀንም ይዩ። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላቸው ይችላል፤ ለወራት በቅጡ ያልተኛ ሰው ሕመሙ ሲለቀው ይተኛልና አትደንግጡ። ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የማይጠፋው የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን በተጀመረበት ቀን እንደ ቢሳኮዲል ያለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አብሮ ይጀመር። ተልባ አይበቃም፤ እንዲያውም ብዙ ውኃ ለማይጠጣ ሰው አንጀት ውስጥ ተጋግሮ ሊያስቸግር ይችላል። እጅና እግራቸው በድንገት ብርግግ የሚል፣ የሌለ ነገር የሚያዩ፣ ወይም ተጠርተው የማይነቁ ከሆነ ግን ሞርፊኑ እየተጠራቀመ ነውና የሚቀጥለውን ሳይሰጡ ይደውሉ።

ስለ ምግቡ ላስረዳዎት። እናትዎ የተዳከሙት ስላልበሉ ይመስልዎታል፤ የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። ካንሰር በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ የሰውነትን አሠራር ያዛባል፤ የሚበላው ምግብ ወደ ሥጋና ጉልበት መለወጡን ያቆማል፣ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይዘጋል። በግድ የጎረሱት አጥሚት ጉልበት አይሆናቸውም፤ ማስመለስና ማነቅ ግን ሊያመጣ ይችላል። አንድ ሊትር የተለመደው ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ የያዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ የአንድ እንጀራ ያህል እንኳ ጉልበት አይሰጥም። ውኃው ደግሞ ሽንት ሆኖ ካልወጣ የሚሄደው ወደ እግር፣ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ነው፤ እብጠቱ ይጨምራል፣ ትንፋሹም ውኃ የቋጠረ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ መልስ አይሰጣቸው ነው። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፦ ነቅተው ሳለ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ውኃቸውን ጨርሶባቸው በእውነት ከጠማቸው፣ ኩላሊቱን ያየ ሐኪም ለአንድ ሁለት ቀን ሊሞክረው ይችላል። የሰፈር ነርስ በራሱ የሚወስነው ግን አይደለም።

በግሉኮሱ ፈንታ አፋቸውን ይንከባከቡላቸው። የደረቀ አፍ ከረሃብ ይብሳል። ንጹሕ ጨርቅ ጨው ጣል በተደረገበት ለብ ያለ ውኃ ነክረው በየሁለት ሰዓቱ ምላሳቸውንና ድዳቸውን ያርሱ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ይቀቡ። የሚወዱትን በሁለት ማንኪያ ያቅምሷቸው፤ ቀና ብለው ተቀምጠው ይሁን፣ ካሳላቸው ይቁም። ጾም ነው ብለው ወተትና እርጎ እምቢ ካሉ፣ ወይም ጠበል እየጠጡ መድኃኒት አልወስድም ካሉ፣ እርስዎ አይከራከሩ፤ የንስሐ አባታቸውን ይጥሩ። ለሕመምተኛ ጾሙን የሚያቀሉት እሳቸው ናቸው። ጠበልና መድኃኒትም አይጣሉም፤ በኤች አይ ቪ ዘመን አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱንም ውሰዱ ብለው አስተምረዋል።

ያበጠው እግር አይታሽ። ወጌሻም አይጠራ። በዚህ ካንሰር አንድ እግር ለብቻው ሲያብጥ ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ሊደፍን ይችላል። በትራስ ከፍ ያድርጉት፣ ሐኪሙም ይየው። ለሽታው ደግሞ መፍትሔ አለ፣ ርካሽም ነው፦ ሽታው የሚመጣው ቁስሉ ላይ ከሚራቡ ባክቴሪያዎች ነውና ሜትሮኒዳዞል ብዙ ይረዳል። በአፍ ወይም በብልት በኩል እንደሚሰጥና መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። ይህን ሳያነሡ እንዳይመለሱ፤ ብዙ እናቶች ጠያቂ እንዳይመጣባቸው የሚፈልጉት በሕመሙ ሳይሆን በመጥፎው ጠረን አፍረው ነው። ደም ከፈሰሰ ለማንጠፍ ጠቆር ያለ ፎጣ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ ነጭ አንሶላ ላይ ትንሽ ደም ብዙ መስሎ ይታይና ሁሉንም ያስደነግጣል። ብዙ ከፈሰሰ ግን ወደ ሐኪም ቤት ነው። አልጋ ላይ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸው፤ ተረከዝና ታፋ ላይ የቀላ ቦታ ካዩ አይሹት፣ ጫናውን ያንሱለት።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። «አታውቅም» ብለዋል። እናትዎ ጨረር ሲወስዱ ለሳምንታት ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ወረፋ ጠብቀዋል፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ምን እንዳመማት ነግራቸዋለች። ፀጉራቸው ሲረግፍ አይተዋል። እርስዎ ከክፍሉ ወጥተው ስልክ ሲያወሩ፣ ዓይንዎ ቀልቶ ሲመለሱ አይተዋል። በሥራዬ ካየኋቸው ሁሉ የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። ልጆቻቸው ለአምስት ወር «ጨጓራ ነው» እያሉ ደብቀዋቸው ነበር። አንድ ቀን ነርሷ አንሶላ ልትቀይር ፍራሹን ስታነሣ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ መግነዝ አገኘች። እናትየው ቀስ ብለው «እንዳያዩት መልሺው፤ ይደነግጣሉ» አሏት። ልጆቹ ለእሳቸው፣ እሳቸውም ለልጆቹ ይደብቁ ነበር፤ ያ ሁሉ ወር በአንድ ቤት ውስጥ ማንም ከማንም ጋር ሳይነጋገር አለፈ።

በድንገት «ካንሰር ነው፣ አይድንም» ብለው ይንገሯቸው ማለቴ አይደለም። መርዶ እንኳ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፦ ሰዓቱ ይመረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የሚነገረው ሰው ብቻውን አይተውም። ያ ጥንቃቄ እዚህም ይሥራ። መጀመሪያ ይጠይቁ፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመምሽ የነገረንን ልትሰሚ ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ እኛው ይዘነው እንቆይ?» «እናንተ ታውቁታላችሁ» ካሉ መብታቸው ነው፤ ይተዉት፣ በሩ ግን ክፍት ይሁን። «ንገሪኝ» ካሉ ደግሞ እውነቱን በትንሽ በትንሹ፣ እሳቸው ባቆሙበት እያቆሙ ይንገሯቸው። «ልሞት ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ «ምን ነካሽ፣ ትድኛለሽ!» ብለው አፋቸውን አይዝጉ። «ምን አሰብሽ? ምን ያስፈራሻል?» ይበሏቸው። ብዙ ጊዜ ከሞቱ ይልቅ የሚያስፈራቸው ሕመሙና «ልጆቼን አስቸገርኩ» የሚለው ሐሳብ ነው። ንስሐ መግባት፣ መቁረብ፣ ከተኳረፉት እህት ጋር መታረቅ፣ መናዘዝ የሚፈልግ ሰው ጊዜ ሊነፈገው አይገባም። ኑዛዜ ካለ አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ ይሁን፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ፣ ሰው ባለበት የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም ይፈርማሉ። ቤተሰብን ለዓመታት ፍርድ ቤት የሚያመላልሰው ብዙውን ጊዜ ይህ በወቅቱ አለመደረጉ ነው።

ወንድምዎ ሩቅ ሆነው ማድረግ የሚችሉት ገንዘብ መላክ ብቻ ስለሆነ ባንኮክን ማሰባቸው ይገባኛል። ነገር ግን ጨረር ከተሰጠ በኋላ እዚያው የተመለሰ የማኅፀን በር ካንሰር በቀዶ ሕክምና የሚሞከረው ዳሌው መሀል ላይ ብቻ ሲወሰን ነው። የአንድ እግር ማበጥ፣ ወደ ጭን የሚወርድ ሕመምና የኩላሊት ቱቦ መዘጋት አብረው ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ የዳሌውን ግድግዳ ይዟል ማለት ነው፤ ያን ባንኮክም ሆነ ሌላ ቦታ ነቅሎ የሚያወጣ የለም። የረጋ ደም ሊኖርበት የሚችል እግር ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብረር በራሱ አደገኛ ነው። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ሽጦ ሄዶ የተመለሰው አስከሬን ይዞ ነው። ልብዎ ካላረፈ የባዮፕሲውን (የሥጋ ናሙና ምርመራውን) ውጤት፣ የሲቲ ወይም የኤምአርአይ ፊልሙንና የጨረሩን ሪፖርት ይላኩና ሁለተኛ ሐኪም ያንብበው፤ ወረቀቱ ይሂድ፣ እናትዎ ግን ቤታቸው ይሁኑ።

ቤተሰቡ ሊመክርበት የሚገባ አንድ አማራጭ አለ። ኩላሊቱ ተዘግቶ ከሆነ በጀርባ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሽንቱን ወደ ከረጢት ማውረድ ይቻላል። ገና ብርታት ላለውና የሚጠብቀው ነገር ላለው ሰው፣ ለምሳሌ ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ለሚጠብቅ፣ ሳምንታት ሊጨምር ይችላል። ካንሰሩን ግን አይነካውም፤ ቱቦውም ይዘጋል፣ ያመረቅዛል፣ ይለወጣል። አልጋ ላይ ለዋለና ለደከመ ሰው አልመክረውም። ኩላሊት ሲቆም ሰው ብዙውን ጊዜ እንቅልፉ እየበዛ፣ እየራቀ ይሄዳል፤ በዚህ በሽታ ከሚመጡት መንገዶች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ውሳኔው ቢቻል የእሳቸው ይሁን፤ ለዚህም ነው እውነቱን መስማት ይፈልጉ እንደሆነ አስቀድመው የሚጠይቁት።

የቀረውን ጊዜ በቀን ቆጥሮ ሊነግርዎ የሚችል ሐኪም የለም። ለውጡ ከወር ወር የሚታይ ከሆነ የቀረው በወር፣ ከሳምንት ሳምንት ከሆነ በሳምንት፣ ከቀን ቀን ከሆነ በቀን ይገመታል። መጨረሻው ሲቀርብ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ዝንጉርጉር ይላል፣ ትንፋሽ ፈጠን ብሎ ከዚያ ቆም እያለ ይመጣል፣ ጉሮሮ ላይም የማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የሚያስጨንቀው ሰሚውን ነው፤ እሳቸው በአብዛኛው አይሰማቸውም። በጎናቸው ያስተኟቸው። ድንገት ከተቁነጠነጡ ፊኛቸው ሞልቶ እንዳይሆን ይታይ። ሞርፊኑ መዋጥ ባይችሉም አይቋረጥም፤ በጉንጭ ውስጥ ጠብ እያደረጉ ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጥበትን መንገድ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። ያኔ በሌሊት በራይድ ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ትርፉ እናትዎ በወንበር ላይ፣ በማያውቋቸው ሰዎች መሀል ማለፋቸው ነው።

ይህን ሁሉ ብቻዎን አይችሉትም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያይ የነርሶች አገልግሎት አለው፤ ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ሆስፒታሎችም ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት የማስታገሻ ሕክምና ክፍል እንዳለ ሐኪምዎን ይጠይቁና ያስመዝግቧቸው። ጠያቂ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይግባ፤ ቡና የምታፈላ አንዲት ዘመድ ትመደብ፣ እርስዎ አይደሉም። ሌሊቱን ከአክስትዎ ጋር ይካፈሉ። ሞርፊኑንም እሳቸው እንዲለኩ ያስተምሯቸው፤ የእህታቸው ፊት ሲፈታ በዓይናቸው ሲያዩ ፍርሃታቸው ይለቃል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዳይክሎፌናኩ ዛሬ ይቁም፣ ግሉኮሱ አይጀመር። ነገ ጠዋት የኩላሊቱ ምርመራ ይሠራ፣ መጠኑ በሐኪሙ ይስተካከል፣ የሞርፊኑ የመጀመሪያ ጉርሻም ነገ ሳይመሽ ይሰጥ፤ እናትዎ ሦስት ሳምንት ያለ በቂ ማስታገሻ ታመዋል፣ አራተኛው አይጨመርባቸው። ወንድምዎ ለባንኮክ ያሰቡትን ገንዘብ ለራሳቸው የአዲስ አበባ ቲኬት ያውሉት። ከወር በኋላ ሳይሆን በዚህ ሳምንት፣ እናታቸው ድምፃቸውን ሰምተው መመለስ በሚችሉበት ጊዜ ይምጡ።